ቡና በረካ አለው፣ ስልክ የለውም

ሰኔ 2014 ላይ የ46 ሰው ደመወዝ አዘበራርቄ ላክኩ።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የምሠራው አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ የግል ድርጅት ነው። ፔሮል የምንሠራው በኤክሴል ነው፦ ስም፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ጥሬ ደመወዝ፣ የሥራ ግብር፣ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ብድር ካለ እሱ ይቀነስና መጨረሻ ላይ የተጣራ ተከፋይ። የዚያን ቀን ዝርዝሩን በፊደል ተራ ላሲዝ ብዬ ሶርት ሳደርግ የመረጥኩት ስሙና የሒሳብ ቁጥሩ አብረው የተጻፉበትን ዓምድ ብቻ ነበር። ኤክሴል እንዲህ ሲሆን «የጎኑንም አብሬ ላንቀሳቅስ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔንም ጠይቆኛል። ግን ቴሌግራም ላይ የልጄ ክፍል ወላጆች ስለ ትምህርት መዝጊያ መዋጮ ይከራከሩ ነበር፤ በአንድ እጄ መልስ እየጻፍኩ በሌላው የመጣው መስኮት ላይ «በተመረጠው ብቻ ቀጥል» የሚለውን ተጭኜ አለፍኩ። ስምና የሒሳብ ቁጥር ተንቀሳቀሰ፣ ገንዘቡ ባለበት ቀረ። ክፋቱ፣ ጠቅላላ ድምሩ ምንም አልተነካም። አለቃዬ የሚያዩት ድምሩን ነው፤ ልክ ሆነላቸው፣ ፈረሙ፣ ባንክ ገባ።

መጀመሪያ ያወቁት በር ላይ ያሉት የጥበቃ አባት ናቸው። ሁላችንም «አባባ» እንላቸዋለን። ከባንክ የመጣላቸውን መልእክት ለአንዱ ሾፌር አስነበቡት፤ አላመኑትም፣ ድጋሚ አስነበቡት። ከዚያ ደረጃውን ቀስ እያሉ ወጥተው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙና ስልካቸውን ዘረጉልኝ። «ልጄ፣ ይኼ የሰው ገንዘብ ነው። ሳይመሽ ባለቤቱን ፈልጊው» አሉኝ። የደረሳቸው የአንድ መምሪያ ኃላፊ ደመወዝ ነበር። ኃላፊው ደግሞ የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ ደርሷቸው መልእክቱን ገና አልከፈቱትም።

ገንዘቡን ለማስተካከል ሁለት ሳምንት ፈጀ። አብዛኛው ሰው በማግሥቱ መለሰ። በዚያው ወር ሥራ የለቀቀ አንድ ልጅ ግን ስልኩን አጠፋ፤ የእሱን ልዩነት ሦስት ወር ከኪሴ ከፈልኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ፋይሌ ውስጥ ገባ፣ ይገባኝ ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ማስጠንቀቂያው አይደለም። ያንን መስኮት አይቼዋለሁ። ቃሉንም አንብቤዋለሁ። እንዴት ነው አንብቤ ያላነበብኩት?

ከዚያ በኋላ ጭንቀቱ እንዲለቀኝ፣ ልቤም እንዲሰበሰብ ሰው ሁሉ የሚመክረውን ሞከርኩ። የማሰላሰያ አፕ ጫንኩ፤ ስልክ ልርሳ ብዬ ስልክ እከፍታለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ገና ሦስት ደቂቃ ሳልቀመጥ የቴሌብር መልእክት ጢን ይላል። ማለዳ መስቀል አደባባይ መሮጥ ጭንቀት ያባርራል ተባልኩ፤ ቤቴ አያት ነው፣ ሁለት ቅዳሜ ሄጄ ሦስተኛውን ተውኩት። ቀዝቃዛ ውኃ መታጠብም ነበረበት። በሐምሌ። እሱን አላብራራም።

ነገሩን የቀየረው እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ሳምንት መቀመጧ ነው። እናቴ ስለ ጭንቀት ምንም ምክር አልሰጠችኝም፤ የሆነውንም አልነገርኳትም። አንድ ማታ ስልኬን የስኳር ጣሳው ላይ አስደግፌ ቪዲዮ እያየሁ ሽንኩርት ስከትፍ ቆማ አየችኝና ሰፌድ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠች። «ምስሩን ልቀሚ፤ ሽንኩርቱን ለኔ ተይው» አለችኝ። ለቀምኩ። ማለቴ፣ የለቀምኩ መሰለኝ። ራት ላይ ትንሹ ልጄ አፍ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ጠጠር። እናቴ ሳትቆጣ «ዓይንሽ ምስሩ ላይ ነበር፣ ልብሽ ግን ገበያ ወጥቷል» ብላ ወጡን አወጣች። እጄ እንጀራው ላይ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። የሰኔው መስኮት ማለት እኮ ይኼ ነው።

በማግሥቱ ማታ ደግሞ አስለቀመችኝ። በዚያ ሳምንት ሁሉ አስለቀመችኝ፤ የምንበላው ምስር እንዳለቀ ሳይገባት አልቀረም፣ ሽሮ ክክም አመጣች። የምስር መልቀም ሥራ ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። ጥቂቱን ወደ ሰፌዱ ጫፍ ትስቢያለሽ፣ በጣትሽ ዘርግተሽ ታያለሽ፣ ጠጠሩንና ገለባውን ታወጫለሽ፣ ንጹሑን ወደዚያ፣ ሌላ ትስቢያለሽ። ሐሳብሽ ከሄደ ጠጠሩ ያልፍሻል፤ ሲያልፍሽ ጥርስ ይነግርሻል። የማሰላሰያው አፕ «ትኩረትህን ወደ እስትንፋስህ መልስ» ሲለኝ ያልገባኝ ነገር በሰፌድ ገባኝ። ሐሳቤ ሲሸሽ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም እጄ መንቀሳቀስ ይቀጥልና ዓይኔ ማየት ያቆማል። እመልሰዋለሁ። በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሃያ ጊዜ ሊሸሽ ይችላል፣ ሃያ ጊዜ እመልሰዋለሁ። ዛሬ የተለቀመና የታሸገ ምስር ሱፐርማርኬቱ ሞልቶታል። እኔ አሁንም ያልተለቀመውን ከጉሊት እገዛለሁ፤ ባለቤቴ «ገንዘብ ለመቆጠብ ነው» ይላል፣ ይበል።

ከምስሩ ይልቅ የበለጠ ያስተማረኝ ግን ቡናዋ ነው። እናቴ ቅዳሜ ጠዋት ቡና አፈላች፤ አቦል ጠጣን፣ ቶና ጠጣን፣ በረካው ቀጠነና ጠጣነው። ከዚያ ሲኒዎቹን ሰበሰበች፣ ረከቦቱን ጠረገች፣ ተነሳች። አለቀ። እኔ በዚያ መሐል አራት ጊዜ ስልኬን ነክቻለሁ፣ የቢሮ መልእክት አንድ ጀምሬ ትቻለሁ፣ የልጄን የሒሳብ ጥያቄ ጀምሬ ትቻለሁ። እሷ አንድ ነገር ጀምራ ጨረሰች፣ እኔ ሦስት ጀምሬ አንድም አልጨረስኩ፤ የደከመኝ ደግሞ እኔን ነው። ያን ጊዜ ነው የታየኝ፦ እኔ የጎደለኝ ሰላም ሳይሆን በረካ ነው። ቀኔ ውስጥ የሚያልቅ ነገር የለም። ቴሌግራም አያልቅም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ጣት ባንቀሳቀስሽ ቁጥር ሌላ ያመጣሉ፣ የቢሮ መልእክት ማታ 4 ሰዓትም ይመጣል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ያደረግኳቸው ነገሮች ሁሉ መልካቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ ለሚጀመር ነገር ማለቂያ ማበጀት።

መጀመሪያ የሄድኩት መርካቶ ነው። ባትሪ የሚበላ የምትጮህ የጠረጴዛ ሰዓት ገዛሁ። «ስልኬ የሚቀሰቅሰኝ ስለሆነ አልጋ አጠገብ መሆን አለበት» የምትለዋን ሰበብ ለመግደል ነው። ስልኩ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ሳሎን፣ ቻርጀሩ ላይ ይቀራል፣ ጠዋት ልብስ ለብሼ እስክጨርስ አልነካውም። የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት አስቀያሚ ነበሩ፤ ሌሊት ነቅቼ እጄ ትራሱ ሥር ሲዳብስ አገኘዋለሁ። «እናቴ ሌሊት ብታመምስ?» የሚል ፍርሃትም ነበር። ይኼ እውነተኛ ፍርሃት ነው፣ ስለዚህ ድምፁን አላጠፋሁትም፤ የሁሉንም ማሳወቂያ ዘግቼ የስልክ ጥሪ ብቻ እንዲጮህ አደረግኩ። ሳሎን ቢጮህ ይሰማል፤ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የጎረቤትም ይሰማል።

ስለ ጎረቤት ካነሳሁ፣ ከላይ ያለችው ጎረቤቴ ሙስሊም ናት። ለሱብሒ ስትነሳ የውዱእ ውኃዋ በቧንቧው ሲወርድ ይሰማኛል። እኔ ያኔ የዕለቱን ጸሎት እጀምራለሁ። የጸሎት መጽሐፌ ለሰባቱ ቀናት ተከፋፍሎ የተዘጋጀ ነው፤ የሰኞው ሰኞ ያልቃል፣ የማክሰኞውን ዛሬ ጨምሪ የሚልሽ የለም። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ተገናኝተን ይህንኑ ስነግራት «የኛም ረከዓው የተቆጠረ ነው እኮ» ብላ ሳቀች። ጸሎት የማያዘወትር ሰውም ቢሆን ጠዋት ተነስቶ የሚጀምርና የሚያልቅ አንድ ነገር ቢኖረው ይጠቅመዋል፤ አልጋ ማንጠፍም ይሁን አበባ ማጠጣት።

ቡናን በተመለከተ ራሴን ነው የምወቅሰው። የጀበናን በረካ እያደነቅኩ ቢሮ ውስጥ በቀን አራት ማኪያቶ እጠጣ ነበር፣ የመጨረሻውን 10 ሰዓት ላይ። ካፌይን ድካምን አያጠፋም፤ አዴኖሲን የሚባለው የድካም መልእክተኛ አንጎል ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል እንጂ። ከሰውነት ለመውጣትም አይቸኩልም፣ ግማሹ እስኪወጣ ብዙ ሰው ላይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የ10 ሰዓቱ ማኪያቶ ማለት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ ደሜ ውስጥ አለ ማለት ነው። ለነፍሰ ጡርና የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ለምትወስድ ሴት ከዚያም ይረዝማል። አሁን ከ7 ሰዓት በኋላ አልጠጣም፣ ልቤም አመሻሽ ላይ ያለ ምክንያት ድው ድው ማለቱን ቀንሷል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በአንድ ቀን ከአራት ወደ ዜሮ አትውረዱ፣ ራስ ምታቱ ይገድላል። ለዐቢይ ጾም ይህንን በደንብ ተምሬዋለሁ፤ ጾሙ ከመግባቱ ሳምንት ቀደም ብዬ አንድ አንድ ሲኒ እየቀነስኩ ነው የምገባው። ረቡዕና ዓርብም ቁጥር የሚበዛበትን ሥራ ጠዋት ላይ አደርገዋለሁ፣ 8 ሰዓት ላይ በባዶ ሆድ የማስታረቀው የባንክ ሒሳብ መቼም ታርቆ አያውቅም።

ቢሮ ውስጥ ከሁሉ የጠቀመኝ ብጣሽ ወረቀት ነው፣ እሱን ትንሽ ላስረዳ። የሒሳብ ሥራ የሚበላሸው ሰው ሲያቋርጥሽ ሳይሆን ከተቋረጥሽ በኋላ ስትመለሺ ነው። አንዱ መጥቶ «የባለፈው ወር የነዳጅ ወጪ ስንት ነበር?» ይልሻል፤ ትመልሺለታለሽ፤ ወደ ደረሰኝሽ ስትመለሺ 412 ላይ ነበርሽ ወይስ 413 ላይ? በግምት ትቀጥያለሽ። የተደገመውና የተዘለለው ሁሉ ከዚህ ግምት ነው የሚወለደው። አሁን ሰው ጠረጴዛዬ ላይ ሲቆም እጄን ትንሽ አንስቼ «አንዴ» እላለሁ፣ ወረቀቷ ላይ «እዚህ ነኝ» ብዬ እጽፋለሁ፦ «412 ተመዝግቧል። 413 ቫቱ 15 በመቶ አይመጣም፣ ሻጩን ጠይቂ።» ከዚያ ቀና ብዬ ሰውየውን አየዋለሁ። አምስት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። መጀመሪያ ትዕቢት የመሰላቸው ነበሩ፤ አሁን ግን ቀና ስል ሙሉ በሙሉ ስለምሰማቸው ይመስለኛል ለምደውታል። የሚገርመው ነገር፣ ከተጻፈ በኋላ ያ ደረሰኝ ጭንቅላቴ ውስጥ መጮኹን ያቆማል። ወረቀቷ ይዛልኛለች።

በተጨማሪ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ስልኬ መሳቢያ ውስጥ ነው። ይህንን አለቃዬን አስፈቅጄ ነው ያደረግኩት፤ ሳያስፈቅዱ ማድረግ ለኛ አገር ቢሮ አይሆንም፣ «ደውዬ አታነሳም» የሚል ወሬ ይከተላል። «አስቸኳይ ከሆነ በውስጥ መስመር ይደውሉልኝ» አልኳቸው። በመጀመሪያው ሳምንት የተደወለልኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ አንዱም የጠፋ ስቴፕለር ፍለጋ ነበር። ደመወዝ ሲሆን ደግሞ ብቻዬን አልጨርሰውም። አጠገቤ ያለችው ልጅ ከመዝገቡ ስሙን ድምፅ አውጥታ ታነባለች፣ እኔ የተጣራውን ገንዘብ አነባለሁ፣ በማስመሪያ እየሸፈንን አንድ በአንድ እንወርዳለን። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ድምሩን የምናየው ከዚያ በኋላ ነው።

መንገዱን ሳልናገር እንዳላልፍ። ከአያት ሜክሲኮ በባቡር ነው የምመላለሰው፤ መስመሩ በ2008 ሥራ ሲጀምር የነበረውን ምቾት የሚያስታውስ ያስታውሰዋል፣ ዛሬ ግን ባቡሩ እስኪመጣ መጠበቅ፣ ሲመጣ መጋፋት ነው። እዚያ ላይ ቆሜ የማደርጋት ነገር አለች፦ በአፍንጫዬ እስከ 4 እየቆጠርኩ እስባለሁ፣ እስከ 6 እየቆጠርኩ ቀስ ብዬ አስወጣለሁ። ስንተነፍስ አየር ሲገባ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፣ ሲወጣ ይዘገያል፤ ስለዚህ አወጣጡ ረዘም ሲል ልብም አብሮ ረገብ ይላል። የማያምን ጣቱን የእጁ አንጓ ላይ አድርጎ ይሞክረው። አሥር ጊዜ ያህል በቂ ነው፣ ማንም አያውቅብሽም፤ አጠገቤ ያለ ሰው የሚያየው ባቡር የሚጠብቅ ሰው ነው። ከአሥር በላይ አልቆጥርም። እሱም ማለቂያ አለው።

ዜና ላይ ገና እታገላለሁ። ባለፉት ዓመታት አገራችን ያሳለፈችውን የሚያውቅ ሰው «ዜና አትስሚ» ብሎ አይመክረኝም፤ ዘመድ ያለበት አካባቢ ስም ሲነሳ አለመስማት አይቻልም። ልጅ እያለሁ አባቴ የምሽቱን የ2 ሰዓት ዜና አይቶ «በሉ እንግዲህ» ይልና ቴሌቪዥኑን ያጠፋዋል፤ ካላጠፋውም ጣቢያው ራሱ ሌሊት ይዘጋል። ጭንቀቱ ያኔም ነበር፣ አባቴ ክፉ ዜና የሰማ ቀን ራት አይበላም ነበር። ግን ዜናው ማለቁን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ አሁን ማታ 2 ሰዓት ላይ ለግማሽ ሰዓት አያለሁ፣ ሁለት ቦታ ብቻ። «ሰበር» የሚል ነገር ሰው ሲልክልኝ አልከፍተውም፤ እውነት ከሆነ ማታም እዚያው ይጠብቀኛል። ይህንን በወር ውስጥ አሥር ቀን ያህል እጥሰዋለሁ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እነዚህን ሁሉ ነግሬያት፣ ሁለት ወር ሞክራ ምንም አልሆነላትም። ልቧ ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እየበላች ትከሳለች፣ ሌሊት ላብ በላብ ትሆናለች። ሰነፍ ነሽ ብላ ራሷን ትወቅስ ነበር። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ደም ስትመረመር የእንቅርት ዕጢዋ ሆርሞን በዝቶ ተገኘ፤ መድኃኒት ጀመረች፣ ተሻላት። እንዲህ ያለ ምልክት ያለው ሰው ምስር መልቀሙን ትቶ መጀመሪያ ይመርመር። ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍ እምቢ ያለው፣ ማልቀስ ማልቀስ የሚለው፣ መኖር የሰለቸውም እንዲሁ፤ የኔ ሰዓትና ብጣሽ ወረቀት ለዚያ አይደርሱም።

እኔም ቢሆን ተስተካክዬ የጨረስኩ አይደለሁም። ባለፈው ሳምንት ልጄ ታሞብኝ ሦስት ሌሊት ስልኬን ይዤ ተኛሁ፤ አንደኛው ለልጁ ነበር፣ ሁለቱ ለቲክቶክ። ሐሙስ ማታ መልሼ ሳሎን አስቀመጥኩት። እናቴ በየእሑዱ ትደውላለች፤ ከጤናዬ ቀጥሎ የምትጠይቀኝ «ምስሩን ለቀምሽ?» ብላ ነው። ለምን እንደምትጠይቅ እስካሁን አልነገረችኝም፣ እኔም ስለ ሰኔው አልነገርኳትም።

አባባ አሁንም በር ላይ ናቸው። የደመወዝ ቀን የባንኩ መልእክት ሲመጣላቸው ለሾፌሩ አስነብበው ሲያበቁ፣ ማታ ስወጣ ይጠብቁኝና ስልካቸውን ከፍ አድርገው ያሳዩኛል።

«ልጄ፣ የዛሬው የራሴ ነው» ይሉኛል፣ «ትንሽነቱን አይቼ አወቅኩት።»